የጎን ደረጃው

ይድረስ ለልጄ ለጀማሉዲን፣ ካለህበት ግንባር። አሰላሙ ዐለይኩም። ደሴ ብርዷን እንዳልተወች እኔም ጉልበቴን አልተውኩም፤ አልሐምዱሊላህ።

አጎትህ ይማም ከቤቱ ጎን ወደ ክፍልህ የሚያወጣውን የአያትህን የእንጨት ደረጃ አፍርሼ፣ ክፍሉን የእህል መጋዘን ላድርገው ብሎ ለማዘጋጃ ቤት አመለከተ። የድሮ ቤት መልኩ የሚለወጠው ኮሚቴ አይቶ ሲፈቅድ ነውና ሰዎቹ ግቢያችን ድረስ መጡ።

"ዘመኑ የሲሚንቶ ነው፤ በዚህ ደረጃ ከእንግዲህ ማን ይወጣል?" አለ ይማም።

"ባለቤቱ" አልኩት።

ከዚያ እንደ ወጋችን፣ ነገሩ ሳይጀመር ዱዓ ላድርግ አልኩ። "ያረቢ፣ ይህን ደረጃ ለሚወጣበት አቆይልን።" ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ፤ ሊቀመንበሩም ጭምር። አሚን ካሉ በኋላ አፍርስ ሊሉ ነው? እየሳቁ "ውስጡን አድሱ፣ ደረጃውን አትንኩ" ብለው ወሰኑ። ይማም እስካሁን አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ።

አብሮህ የዘመተው የኮምቦልቻው ደጉ በፈቃድ መጥቷል። ፒያሳ አይቼው ያንተን ደህንነት ልጠይቀው ስጠራው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፈ። ሽማግሌ ሲጠራው የሚሸሽ ምን ዓይነት ወታደር ነው? ስትመጣ ገስጸው።

እናትህ ጣይባ ሰላም ብላሃለች። አላህ ከክፉ ይሰውርህ።

አባትህ እንድሪስ፤ በእህትህ በከሪማ እጅ የተጻፈ።