የጌትነት ዓሦች

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ለዓሦቹ ፉርሽካ በተንሁ። አንድም አልመጣም። ሌላ ጊዜ ኮቴዬን ሲሰሙ ውሃውን ያፈሉት ነበር። ዛሬ ሁሉም ላይ ላዩን፣ አፋቸውን ከፍተው። አንዱ በጎኑ ተንሳፏል። አነሳሁት። ከክንፉ ሥር ቅርፊቱ ተልጦ ሥጋው ቀልቷል፤ ዙሪያው ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር። ቅዳሜ ደኅና ነበሩ እኮ!

ማስታወሻዬ፣ ይኼን ኩሬ ከጓሯችን የቆፈረው ወንድሜ ጌትነት ነው። ባጃጁ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ዓሦቹን የማበላው እኔ ነኝ። ቅዳሜ የአርባ ተዝካሩን አወጣን። ከእሱ የቀረን ሕይወት ያለው ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ከሰ. በኋላ፣ ት/ቤት

ባዮሎጂ። ምንም አልሰማሁም። ለጓደኛዬ ለሀብታሙ ነገርሁት፤ ባለሙያ ልጠራ እንደሆነም። «ቆሮሶ ዓሣ ታሞ ሐኪም ሲፈለግለት የሰማሁት እዚሁ እኛ ጠዳ ላይ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የማን ዓሣ እንደሆነ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ከሳቁ ይኼ ባሰብኝ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ከግብርና ጽ/ቤት የጠራኋት የዓሣ ባለሙያ መጣች። ምን ጨመራችሁበት አለች። ፉርሽካ ብቻ አልሁ። ውሃውን በእፍኟ ዘግና አሸተተች፤ እኔንም አስሸተተችኝ።

ጠላ። የጠላ አተላ!

እንዴት? ማን?

አተላው ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፣ የታፈነ ዓሣ ደግሞ ትንሽ ጭረት ካገኘው ወዲያው ያመረቅዛል አለች። መኖ ማቆም። የሞተውን አውጥቶ መቅበር። ውሃውን በከፊል አፍስሶ ከቦዩ ንጹሕ ማስገባት። የቆሰለውን ለብቻ፣ ሳፋ ላይ በጨው ውሃ ለጥቂት ደቂቃ፤ ከተንገዳገደ ቶሎ ማውጣት። በደረቅ እጅ እንዳልነካው፤ ልጋጉ ተላጠ ማለት ልብሱ ተገፈፈ ማለት ነው። ቴትራሳይክሊን ብበትንበትስ ብላት ተቆጣችኝ።

ማምሻውን

እማዬን ጠየቅኋት። ባለሙያዋ ያለችውን አልነገርኋት፤ እንዲያው ኩሬው ላይ የደፋ ሰው አለ ወይ ብቻ።

እሷ ናት።

ዝክሩ ለነዳያኑ ደረሰ፣ አተላው ለበሬው ደረሰ፤ የልጄ ዓሦች ብቻ በተዝካሩ ቀን ጦማቸውን ይደሩ? ብላ፣ የአንድ ጋን አተላ ሙሉውን ደፍታላቸዋለች። ይኼን ስትነግረኝ ፊቷ በራ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲበራ አላየሁም።

«ምነው የኔ ሆድ፣ አልበሉትም እንዴ?»

በልተውታል አልኋት።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ት/ቤት ቀረሁ። ውሃ ለቀቅሁ፣ ቦዩን ጠለፍሁ። የቆሰሉትን አንድ በአንድ ሳፋው ውስጥ። አንዱ እጄ ላይ ሞተ። ሁለቱ ግን ቀና ብለው ዋኙ! ዋኙ!

አባዬ የሞቱትን ስቀብር አየ። ፊቱ ገረጣ። ዓሦቹ ባለቤታቸውን እየተከተሉ ነው፣ ይኼ ኩሬ ባለቤቱን የበላ ገፊ ነው፣ ከማርያም ማግሥት ይደፈናል አለ። አፌን ከፈትሁ። እማዬ ከማጀት ጌትነት ይወደው የነበረውን መዝሙር ታንጎራጉራለች። አፌን ዘጋሁ።

እውነቱን ብናገር ኩሬው ይተርፋል። እሷስ?

ጥር 21፣ ሐሙስ፣ አስተርእዮ ማርያም

ጎረቤታችን አያ ደምሌ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአባዬ ጋር ገባ። ነገ በጧት ከነአካፋው ሊመጣ ተስማሙ። እማዬ ገና ያልተመለሰች መስሎኝ ነበር።

አባዬ፣ ኩሬው ገፊ አይደለም፣ አተላውን የደፋሁት እኔ ነኝ አልሁ።

አባዬ አፈጠጠብኝ። «አንተ ነፈዝ! አተላ ለዓሣ?» አያ ደምሌ በመሐል ገባ፤ «ተወው በል፣ ልጅ ነው። በሬ ሲወፍርበት አይቶ ነዋ» አለ። ከዚያ ይገርማል፣ አባዬ ትከሻው ወረደ። ገፊ ካልሆነስ ይቆይ፣ አንተው ታድነዋለህ አለኝ።

ዞር ስል እማዬ ነጠላዋን እንደተከናነበች በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አልፋኝ ወደ ኩሬው ሄደች።

ከመስኮቱ ይታየኛል። የቀበርሁበት ቁልል አፈር አጠገብ ቁጭ ብላለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ተነሣች። ወደዚህ እየመጣች ነው። ማስታወሻዬ፣ ምን ልበላት? በሩን ከፈተች። ልዝጋህ።