በሁዳዴ የተቀቀለ ዶሮ

ረቡዕ፣ መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ድመቴን ውሮን ዛሬ አላስመለሳትም። ተመስገን! ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰኞ ትንሽ ቢያስመልሳት ለሆድ ይሻላል ብዬ ፌጦ በጥብጬ ጋትኳትና ጭራሽ ባሰባት። ትናንት የከብት ሐኪሙ ተቆጣኝ። "ፌጦውን ይተዉት። ውሃ ጥቂት በጥቂት ይስጧት፤ ከረጋላት ነገ ዶሮ ያለ ቅመም ቀቅለው ያቅምሷት" አለኝ። በሁዳዴ! ውሃው ረጋላት፤ እኔም ቀቀልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ ሽታው ስቧቸው መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ጾሙን ገደፍሽ?"

ለውሮ ነው ብላቸው አላመኑኝም፤ ቆመው ጠበቁ። ውሮ ቁራጯን በላች፣ አፏን ላሰች፣ እግሬ ሥር ተጠቅልላ ተኛች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመለሰችውም።

እትዬ ስንዱ ሳቅ አሉና "እሷስ ዳነች። አሁን ድስቱን ክደኚው፤ እኔም ሰው ነኝ" አሉኝ።