መስቀል ያለበት ማንኪያ

እሑድ

«ደግሞ ማንኪያ?» አለኝ ባሌ ደረጀ፣ ገና ከአንኮበር ገብቼ በሩን ሳልዘጋ። አዎ፣ ደግሞ ማንኪያ! ሰው ወርቅ ይሰበስባል፤ እኔ ብር ቅብ የሆኑ የድሮ ማቅረቢያ ማንኪያና ጭልፋ እሰበስባለሁ። ምን አገባው?

ይኼኛውን የሸጡልኝ እማሆይ አስካለ ናቸው፤ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ። እጀታው ረጅም፣ አፉ ክብ፣ መላው ጥቁር። ጀርባው ላይ የፈረንጅ ማኅተም አለው። ጠርዙ ላይ ብሩ ተልጦ መዳቡ ይታያል። አዲስ ዕቃ ሳልሞክር እንቅልፍ አይወስደኝምና በሳሙና ለቅለቅ አድርጌ የሚንተከተከውን ሽሮ ጨለፍኩበት። እኔ መንገድ ላይ በልቼ ስለነበር ደረጀ ብቻውን በላ።

ሰኞ

እግዚኦ! እጀታውን በሎሚና በሶዳ ሳሸው ከጥቁረቱ ሥር መስቀል ወጣ። በእጅ የተቀረጸ፣ የእኛው አገር መስቀል። ክው አልኩ። ረጅም እጀታ፣ ትንሽ አፍ፣ መስቀል፣ የቄስ ቤት... ዕርፈ መስቀል ቢሆንስ? በቅዳሴ ካህናቱ ክቡር ደሙን የሚያቀብሉበት! እንኳን ሽሮ ልጨልፍበት፣ በጣቴ ልነካው አልተፈቀደልኝም። አፉን ሳላጸዳ በነጠላዬ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

ደረጀ ከሥራ በጊዜ መጣ። «ሆዴን ቆረጠኝ» አለና ተኛ።

ተቀሰፈ። ባሌን አስቀሰፍኩት! አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

የእማሆይ ስልክ ዝግ ነው። ደረጀ ሲያስመልሰው አደረ። ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ደርቤለት ይንቀጠቀጣል። «ክሊኒክ እንሂድ» ሲለኝ «መጀመሪያ ጸበል ጠጣ» አልኩት። ጠጣ፤ መልሶ አስመለሰው። ይኼም አስፈራኝ።

ሌላም ፍርሃት አለብኝ። ንዋየ ቅድሳት ቤቷ ተገኘ ቢባል፣ ገዛሁት ብል ማን ያምነኛል? የቅርስ ሌባ መባሌ ነው። በሩ ሲንኳኳ ፖሊስ መሰለኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ሚጥሚጣ ልትዋስ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ

የንስሐ አባቴን አስጠራሁና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩት፤ አልነኩትም።

«ይመስላል። ግን እንዲህ ጠቁሮ ማን ይለየዋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ሻጯን ሳትጠይቂ አትፍረጂ» አሉኝ። ቀጥለው «ባልሽንስ ሐኪም አየው?»

«ጸበል ሰጠሁት» አልኩ።

«ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ! ተነሺ!»

በባጃጅ ክሊኒክ ወሰድነው። ግሉኮስ ሰቀሉለት። ዶክተሯ ምን እንደበላ ስትጠይቅ «ሽሮ» አለ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ።

ሐሙስ

ደረጀ ቤት ገብቷል። እማሆይም ስልክ አነሱ! እየተንተባተብኩ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? የቄሱ የሰም ማጥለያ እኮ ነው! ጧፍ ሲሠሩ ሰሙን የሚያጠሩበት። ሥራው ለቤተ መቅደስ ነው ብለው መስቀሉን በካራ ቀረጹበት።»

ማጥለያ? ቀዳዳ የት አለው? የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት። ጥቁሩ ቀለጠ፤ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ አበባ መሳይ፣ ደቃቅ። ለካ ፈረንጆች ፍራፍሬ ላይ ስኳር የሚነሰንሱበት ማንኪያ ኖሯል፤ ስንት ዘመን ስመኘው የኖርኩት! ክቡር ደሙ የሚቀዳበት ቢሆን ማን ይበሳዋል? እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን አየሁ። የድሮ ሰም፣ ጥቀርሻ፣ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት። እሑድ በትኩሱ ሽሮ ቀልጦ ባሌ ሆድ የገባው ይኼ ነው። እግዚአብሔር አልቀሰፈውም። እኔ ነኝ።

አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝና «እንግዲህ ሰሙን ከዋጥኩ ጧፍ ለመሆን የቀረኝ ክሩ ነው» አለ። ሲስቅ ሆዱን ያዘ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ለዶክተሯ ደውዬ ስለ ዝገቱ ነገርኳት። ሁለቴ አስደገመችኝና «ነገ ጠዋት አምጪው፣ ደሙን እንመርምር። ካስመለሰው ግን ዛሬውኑ» አለችኝ። ያ «ዛሬውኑ» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም።

ከቀትር ጀምሮ አላስመለሰውም። ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ካላየሁ አላምንም፤ ከአጠገቡ አልነሳም።