ዛልቃ፣ አንድ ወንዝ በሁለት መስመር

ሰኞ

ዛልቃ ሁለት ወንዝ ሆኖ ወጣ።

አንድ ወንዝ ነው። ከጨንቻ በታች ካለው ሸንተረር ተነስቶ፣ ላንቴ ሜዳ ላይ ወርዶ አባያ ሐይቅ የሚገባ አንድ ወንዝ። ታላቅ እህቴ አልማዝ ዳሩ ላይ ሙዝ ተክላ፣ ቤት ሠርታ፣ ሁለት ልጅ ያሳደገችበት። ዛሬ የእኛን የውሃ መሥሪያ ቤት ካርታ ከግብርናው ካርታ ጋር ስጭነው ግን ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰማያዊ መስመር ጎን ለጎን ተጋድሟል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። የእኛን መስመር ጂፒኤስ ይዘን በእግራችን ሄደን ነው የወሰድነው። የእነሱ ከድሮ የወረቀት ካርታ የተቀዳ ነው። ሁለቱ መለካት የሚጀምሩበት ነጥብ ይለያያል። ሳያስማሟቸው ከጫኗቸው አንዱ ከሌላው የአንድ ሁለት ኳስ ሜዳ ያህል ፈቀቅ ይላል። ማስተካከሉ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ግን የእነሱ ዋናው ፋይል ያስፈልገኛል። የላኩልን ኮፒ ከየትኛው ነጥብ ተነስቶ እንደተለካ የሚናገረው ክፍል የለውም።

ለአለቃዬ ለአቶ መርዕድ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁለት ከሆነ ሁለቱንም አስገቢ።»

«ወንዙኮ አንድ ነው።»

«ግብርናዎቹን ተሳስታችኋል ልንል ነው? ስንት ዓመት ለምነን ነው ለጋራ ካርታ እሺ ያሉን።»

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ዛልቃ ዳር የጎርፍ መከላከያ ሊሠራ ነው፤ በሽቦ መረብ የሚታሰር ድንጋይ፣ ጋቢዮን። የሚሠራው ሦስተኛ መሥሪያ ቤት፣ የመንገዱ፣ ነው፤ የሚከተለው ደግሞ ይህን የጋራ ካርታ። አቶ መርዕድ ሥራውን የጠየቀው ግብርናው ስለሆነ ለግንባታው የእሱ መስመር ይያዝ ብለው ከሰዓት ፈርመው ላኩት።

የግብርናው መስመር የሚያልፈው በደረቅ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ

መሥሪያ ቤቶቹ ባሉበት ሴቻ ሰፈር ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ ዋልኩ። ጫማዬ ተረከዙ ተነቀለ።

ታምሩ የግብርናው ካርታ ሠሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን፣ ፈተና ሲደርስ ማስታወሻ የምንዋዋስ። ዋናውን ፋይል ስጠኝ አልኩት። ወንበር አቀረበልኝና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ብርቱ፣ ብከለክልሽ ደስ የሚለኝ ይመስልሻል? አምና ለአንድ ፕሮጀክት ሰጠን። ከዓመት በኋላ ጉባኤ ላይ የእነሱ ሥራ ተብሎ ተጨበጨበለት። እዚያ ፋይል ውስጥ የእኔ የሦስት ክረምት ድካም አለ። አለቃዬ ያን ቀን ‹ከእንግዲህ ያለ ደብዳቤ አንዲት ነጥብ ብትወጣ ተጠያቂው አንተ ነህ› አሉኝ።»

ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። እኔም ብሆን እንዲሁ ነው የማደርገው።

ስለዚህ ደብዳቤ። ደብዳቤው የኃላፊያችንን ፊርማ ይፈልጋል። ኃላፊያችን ሐዋሳ ስብሰባ ላይ ናቸው። ወኪላቸው አቶ መርዕድ ናቸው። አቶ መርዕድ ደግሞ «እኔ ትናንት ትክክል ነው ብዬ የፈረምኩትን ዛሬ ስህተት ነው ብዬ ልጽፍ?» አሉ።

ያለኝ፦ የደብዳቤው ረቂቅ፣ የመዝገብ ቤቷ ሴት አዝናልኝ የሰጠችኝ ቁጥር።
የሌለኝ፦ ፊርማ። ፋይል። ጊዜ።

ሚያዝያ ነው። የበልጉ ዝናብ ዘግይቷል፤ ሲዘገይ ደግሞ ምን ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን።

ረቡዕ

አልማዝ ጠዋት ደወለች። «ድንጋይ የጫኑ መኪኖች መጡ። ደስ ሲል! ግን መንገድ የጠፋባቸው መሰለኝ።»

አስፈቅጄ ወጣሁ። ላንቴ ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ገልባጮቹ ድንጋዩን በጎረቤቷ የበቆሎ ማሳ መሃል እያራገፉት ነው። ሠራተኞቹ ሽቦውን ዘርግተዋል። ውሃ በአካባቢው የለም። ውሃው ከሙዙ ወዲያ፣ ከአልማዝ ጓሮ ሥር ነው፤ የማንጎዋን ሥር እየበላ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ቀጭን ውሃ።

መሐንዲሱ ሰለሞን ይባላል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሰላም አለኝ።

«ወንዙ እዚያ ነው» አልኩት።

«አየሁት፤ ዓይን አለኝኮ።»

«ታዲያ?»

«የተፈረመው ካርታ ላይ ወንዙ እዚህ ነው። ከመስመሩ ከወጣሁ ሥራው አይጸድቅልኝም፤ ጭራሽ በራሴ ፈቃድ አዛወርክ ብለው ይከሱኛል። ተስተካክሎ የተፈረመ አምጪልኝ፤ በማግስቱ ድንጋዩን አነሳዋለሁ። ይህን ስልሽ ከልቤ ነው።»

ከልቡ ነበር። የጠላኋቸው ሰዎች ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ።

አልማዝ ፎሰሴ፣ የበቆሎ ዱቄት ከጎመን ጋር የተቀቀለበት፣ በዳጣ አቀረበችልኝ። ነገሩን ሳስረዳት መጀመሪያ ሳቀች። ሁለት ዛልቃ! ቆይታ ሳቋን ተወች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የዚህ ነገር አዋቂዋ?» አለችኝ። ባሏ ካምባ ለቅሶ ሄዷል። እስኪመለስ እኔ ጋ ኑ አልኳት፤ ሙዙ ደርሷል፣ ነጋዴው ቅዳሜ ሊጭን ነው አለች። እሁድ እንመጣለን አለች።



ሐሙስ

የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች የጋራ ስብሰባ። ተስፋዬን ሁሉ እዚህ ላይ ጥዬ ነበር። ሌሊቱን ምን እንደምናገር ሳሰናዳ አድሬ ነበር።

የመጀመሪያው አጀንዳ የጋራው ካርታ ባለቤት ማን ይሁን የሚል ነበር። የውሃው መሥሪያ ቤት ተፋሰሱ የእኔ ነው አለ። ግብርናው እርከኑን የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። ሦስተኛው፣ ድልድይ ሲፈርስ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ሽፋኑ ላይ የማን ዓርማ በስተቀኝ ይሁን ተባለ። በዚህ ላይ ሻይ ወጣን። ከሻይ ተመልሰንም በዚሁ ላይ ነበርን።

እጄን አወጣሁ። ተራ ይዤ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝና ጮህኩ።

«ወንዙ አንድ ነው! ድንጋዩ በቆሎ ውስጥ ነው ያለው! ሰው ወንዙ ዳር ተኝቷል!»

 ታምሩ አንገቱን ደፋ። ሰብሳቢው በትህትና «ጥሩ አስተያየት ነው፣ በቃለ ጉባኤው ይያዝ» አሉ። ተያዘ። ልዩነቱን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። የኮሚቴው አባላት በደብዳቤ ይጠየቃሉ።

ሲያበቃ አቶ መርዕድ ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ «እኔም እንዳንቺ ጮኼ አውቃለሁ። ወደ ገጠር ተመድቤ አምስት ዓመት ልጆቼን ሳላይ ኖርኩ።» ሌላ አላሉም። ደረጃውን ወረዱ።

ወደ ቤቴ ወደ ሲቀላ በባጃጅ ስወርድ ጨንቻ በኩል ያለው ተራራ አይታይም ነበር። ደመናው እንደ ክዳን ገጥሞበታል።

መጻፍ አልቻልኩም። ይበቃል።

ዓርብ

ታምሩ በምሳ ሰዓት ቤቴ መጣ። ላፕቶፑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የያዘው፣ እንደ ሥጋ።

«ሰጠሁሽ እንዳትይ» አለ። «ዳታው ከእጄ አልወጣም። አብረን አየነው፣ በቃ።»

አልጋዬ ላይ ተቀምጠን ሠራን። ዋናውን ፋይል ከፈተ፣ የመነሻ ነጥቡን ለወጠ፣ የእኔን መስመር ጫንኩበት። ሁለቱ ዛልቃዎች እየተንሸራተቱ መጥተው አንዱ በሌላው ላይ ተኛ። ከላይ እስከ ታች፣ ከእያንዳንዷ ጥምዝ ጋር። ሁለታችንም ተነስተን ጨፈርን ብል ማን ያምነኛል? ታምሩ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «የኔ መስመርኮ ትክክል ነበር» ይላል ደጋግሞ። «ትክክል ነበር፤ ቦታው ብቻ ነው።»

አትሜ ወደ ሴቻ በረርኩ። አቶ መርዕድ የሉም፤ ዓርብ ከሰዓት ነው። ስልካቸው ዝግ ነው። ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው «ልደታ ማኅበር ላይ ናቸው» አሉኝ። እዚያም ሄድኩ። ወጥተው አነጋገሩኝ፣ ወረቀቱን በቆሙበት አገላብጠው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰኞ» አሉ።

«ዝናቡስ?»

«ማህተሙ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ ብርቱካን። ያለ ማህተም ብፈርምልሽ መሐንዲሱ አይቀበልሽም። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ አንቺን።»

ለሰለሞን ደወልኩ። አቶ መርዕድ እንዳሉት ነው፤ ያለ ማህተም አይሆንም አለ።

ለአልማዝም ደወልኩ። አታነሳም። ሙዝ ስትቆርጥ ስልኳን ቤት ትተዋለች።

ቅዳሜ

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ላንቴ ሄድኩ፣ በግድም ቢሆን ላመጣቸው። አልማዝ ሙዙን መንገድ ዳር ከምራ ነጋዴውን ትጠብቃለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንዲት ጠብታ የለችም። «በዚህ ፀሐይ ቤቴን ጥዬ ልሂድ?» አለችኝ። ተጣላን። ልጆቹን ብቻ ይዤ መንገዱ ላይ ወጣሁ፤ እሷ ላሟን ፈትታ ልትከተለን ተስማማች።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ትንሿ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ መኪና መጣ» አለችኝ። መኪና አልነበረም። ላይ ደጋው ላይ ሲጥል ያደረው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ ነበር።

ቡናማ ነው። ውሃ አይመስልም፤ መሬት ተነስቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ማንጎውን ነቀለው። ጓሮውን ወሰደው፣ ሙዙን ከነሥሩ አጋደመው፣ ከዚያ የቤቷ ግማሽ ወደ ውስጥ ቁጭ አለ። አልማዝ ላሟን አልለቅም ብላ ገመዱን ይዛ ነበር። ላሟ ሄደች። እሷም አብራ ሄደች።

እኔ ሁለት ልጅ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ሌላ ያደረግኩት የለም። ቆምኩ።

ያወጧት የጋቢዮኑ ሠራተኞች ናቸው። በቆሎው ውስጥ ከድንጋዩ ጋር ነበሩ፤ ጩኸት ሰምተው ሮጡ። የሚያስሩበትን ገመድ ወገባቸው ላይ ቋጥረው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። የታጠፈ የሙዝ ግንድ ይዟት አገኟት። እጇ ተሰብሯል። በሕይወት አለች።

ተሳፍረን ስንሄድ ዞሬ አየሁ። ድንጋዩ በቆሎ ውስጥ እንደተደረደረ ነው፤ ደረቅ፣ ንጹሕ። ጭቃ እንኳ አልነካውም።

እሁድ

ሆስፒታል። አልማዝ እጇ በጀሶ ታስሯል። ባሏ ከካምባ ዛሬ ደረሰ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሯን ይዟል።

ታምሩ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ መጣ። ሰለሞንም መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። አልማዝ ናት «ግባ እንጂ» ያለችው። ልጆችህ ናቸው ያወጡኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። አልሰደበችኝም። «ቤቱን መልሰን የት እንሥራ?» ብቻ አለችኝ። «ውሃው አይመጣበትም የምትይው ቦታ የት ነው?»

 ሰለሞን ጠዋት ሄዶ ወንዙን አይቶት ነበር። ዛልቃ አልጋውን ቀይሯል። አሁን የሚሄደው በአልማዝ ሳሎን በኩል ነው። ዓርብ የጨፈርንበት ካርታ ለአንድ ቀን ብቻ ትክክል ነበር።

ሰኞ

አቶ መርዕድ ቃላቸውን ጠበቁ። ስገባ ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ቀለሙ ተከፍቶ። የላንቴውን ሰምተዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ካርታውን ሳቡና ብዕራቸውን አነሱ።

«ተዉት» አልኳቸው። «ወንዙ እዚህም የለም።»

ብዕሩን እንደያዙ ቀሩ። «ታዲያ ምን ልፈርም?»

«እንጃ።»

ብዕሩን ከደኑት። ከዚያ የመኪና ቁልፍ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ስለ መኪናው መውጫ ወረቀት በኋላ እኔ እጠየቃለሁ አሉ። ተነስተውም በሩን ከፈቱልኝ። አፍረው ነበር። እኔም አፈርኩ።

ታምሩን ከቢሮው፣ ሰለሞንን ከድንጋዩ ለቅሜ ከሸንተረሩ ሥር ጀመርን። አንድ ጂፒኤስ፣ ሦስት ሰው። አዲሱን አልጋ ዳር ዳሩን በእግር። ጭቃው እስከ ጉልበት ያሰምጣል። አንድ ቦታ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ በእውነት ለሁለት፣ ማናችንም አልሳቅንም። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ደመናው ወረደና ተመለስን። ነገ እንቀጥላለን፣ ወንዙ እስከ ነገ ባለበት ከቆየ።

አልማዝ ዛሬ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ጋ ናት። ልጆቹ ፍራሹ ላይ ይጫወታሉ። ይህን ስጽፍ ሲቀላ ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል። አልማዝ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«ይሄ የዚሁ ዝናብ ነው ወይስ የላይኛው?» አለች።

«የዚሁ ነው» አልኳት።

እንዴት አውቃለሁ።