እየሞቱ ለኖሩት ሲኞር ፋውስቶ

ውድ ሲኞር ፋውስቶ ሜሪጊ፣

ጤናዎን ልጠይቅ ብዬ ስጀምር ማረፍዎ ትዝ አለኝ። በሕይወት ቢኖሩም አማርኛ አያነቡም ነበር። ቢሆንም ይህን ነገር ከእርስዎ በቀር የምነግረው ሰው አጣሁ። ማቲያስ ዳኜ እባላለሁ፤ ቀጨኔ ተወልጄ ያደግሁ፣ እንደ እርስዎ ክፉ ሰው ሆኜ በመተወን እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ።

የተዋወቅነው ሰፈራችን በነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጣሊያን ካውቦይ ይታይ ነበር፤ እርስዎ ሁልጊዜ ሽፍታው ነዎት። እኛ ዘንድ ጥሩው ሰውዬ «አክተር» ይባላል፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። እርስዎ ግን ይሞታሉ። ፊልም ላይ የሚሞቱት ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች ናቸው ብለን እናምን ስለነበር አዘንን እንጂ አልገረመንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባርኔጣ ቀይረው ሲመጡ ግን ግራ ገባን። ጓደኛዬ ሌሊሳ መንታ ወንድሙ ነው ብሎ ገላገለን። ከዚያ መንታውም ሞተ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ተመልሰው መጡ። ያኔ ነው የዚህ ሰውዬ ሥራው መሞት ነው ብዬ የገባኝ። ተዋናይ መሆን ያማረኝም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ካደግሁ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ታሪክዎን ፈልጌ አነበብሁ። መጀመሪያ በጥንት ሮማውያን ፊልሞች ከንጉሡ ኋላ ጦር ይዘው የሚቆሙ ጡንቸኛ ነበሩ። የካውቦይ ዘመን ሲመጣ አሜሪካዊ እንዲመስሉ «ዳን ሞርተን» የሚል ስም አወጡልዎት፤ ስፔን በረሃ ላይ ከፈረስ እየወደቁ ሞቱ። ካውቦይ ሲሰለች የወሮበላ አለቃ ሆነው በፖሊስ ተገደሉ። እሱም ሲያልፍበት ከመቃብር የሚወጣ ሙት ሆኑ። ሌላው ሰው ከሞተ ይተዉታል፣ እርስዎን ግን ሙት ሆነውም ገደሉዎት። በዚያ ሁሉ ፊልም አንድ ጊዜ እንኳ ልጅቷን አላገቡም።

የእኔም ነገር ወደዚያው ሊሄድ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሚታይ ድራማ ላይ ሚስቱን የሚያሰቃይ ባል ሆኜ እሠራለሁ። ከደረጃ ገፍትሬ የጣልኳት ሳምንት አዲሱ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ምራቂ ከለከለችኝ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ሴቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱን እንኳ እንደ ሽልማት ቆጥሬው ነበር፤ ርሆቦትን ለማግባት ሽማግሌ እስክልክ ድረስ።

ርሆቦት ነርስ ናት። አባቷ አቶ ቱሉ ከእንጦጦ ወርደው ከተማ የገቡ፣ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ሲላስ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሄዱ። የመጀመሪያው ቀን «እንመካከርበት» ተባሉ፤ ወጉ ነው፣ የሴት ልጅ አባት ቶሎ እሺ ካለ ልጁን ያረከሰ ይመስላል። በሁለተኛው ጉዞ ግን አቶ ቱሉ ተቀመጡ እንኳ ሳይሏቸው ቁርጡን ነገሯቸው፤ ሚስቱን ለሚያሰቃይ ሰው ልጃቸውን አይሰጡም። ፓስተሩ ድራማ መሆኑን ሊያስረዷቸው ሞከሩ። አቶ ቱሉ እሱን መች አጡት፤ እኔ የምወጣበት ሰዓት ሲደርስ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፉት እያወቁ ነው። «ከውስጡ ከሌለ ከየት ያመጣዋል?» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተመለሱ።

 ርሆቦት «ሥራ ነው፣ የታዘዝሁትን ነው የምሠራው በላቸው» ትለኛለች። ያለ አባቷ ምርቃት ግን እንደማታገባ ከመጀመሪያው ነግራኛለች። ስብሰለሰል ከርሜ በእርጅናዎ የሰጡትን ቃለ መጠይቅ አገኘሁ። ጋዜጠኛዋ ያንን የሚያስፈራ ፊት ከየት እንዳመጡት ስትጠይቅዎት መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳቅዎ ጠፋ። «የአባቴ ነው» አሉ። አባትዎ ማዕድ ላይ ማንኪያቸውን ሲያስቀምጡ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይውጥ እንደነበር ነገሯት። «ቤቴ ይዤው እንዳልገባ ብዬ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ካሜራ ፊት ስገድለው የኖርሁት» አሉ። አለቀስሁ፣ ሲኞር። የእኔም አባት እንደዚያው ነበር። እናቴ ስትመታ ጎረቤት ይሰማል፤ በማግሥቱ ግን ሁሉም ደህና አደራችሁ ብሎ ያልፋል።

አግቢው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። እኔ ግን በሦስተኛው ጉዞ ተከትያቸው ሄድሁ። ፓስተር ሲላስ መንገዱን ሙሉ ሲቆጡኝ ነበር። አቶ ቱሉ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔም በር ላይ እንደቆምሁ ነገርኳቸው፤ ያ ፊት የአባቴ መሆኑን፣ በልጅነቴ ስላጠናሁት በቃሌ እንደማውቀው፣ ርሆቦት ላይ አንድ ቀን እንዳይወጣብኝ ደግሞ እየፈራሁ እንደምኖር። ስለ እርስዎም ነገርኳቸው።

 የአቶ ቱሉ ባለቤት ወይዘሮ ሾዴ የጓዳው በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ያ ፊት የእኔም ነበር» አሉ አቶ ቱሉ በመጨረሻ። «ርሆቦት ልጅ ሆና አይታዋለች። አንተን ሳይ፣ ልጄ ከእኔ ቤት ወጥታ እኔው ቤት ልትገባ ነው አልሁ።»

«አልፈራም ብትለኝ ኖሮ አልሰጥህም ነበር» ብለው ጨመሩ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ተቀመጡ» አሉ። ቆሞ የተመለሰ ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ነገሩ ወደ እሺ ሄዷል ማለት ነው። ፓስተር ሲላስ ቀድመውኝ እንባቸውን ጠረጉ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ርሆቦት ደወለችልኝ። አባቷ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ከፍተው «ሾዴ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አሏቸው አሉ። እኔ ሚስቴ ላይ እጄን ሳነሳ ወይዘሮ ሾዴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ነቅለው ባላቸውን አዩ። አቶ ቱሉ አንገታቸውን ደፉ፤ ግን አላጠፉትም።

ሠርጋችን ከትንሣኤ በኋላ ነው። የድራማው ደራሲ መጨረሻ ላይ እንደሚገድለኝ ነግሮኛል፤ ሌላው ተዋናይ ቢሆን ይከፋው ነበር። እርስዎ በሰላም ይረፉ። እኔ እንዳስተማሩኝ አድርጌ በደንብ እሞታለሁ፤ ከዚያ ቤቴ እገባለሁ።

የሥራ ባልደረባዎ ማቲያስ፣
ከቀጨኔ