ከስድስቱ ቀጥሎ

መስፍኔ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። የበሩን ቁልፍ ሁለቴ አስቀይሬአለሁ። እዚህ የካ አባዶ ውሃ አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ግን በሌላውም ቀን ልብስ ያሰጣሉ፣ ከየት እንደሚያመጡት እየተከታተልኩ ነው። ታውቀኛለህ፤ ሲመርቁኝም ምን ፈልገው ነው የምል ሰው ነኝ።

የምጽፍልህ ስለዚያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ በኮትህ ኪስ፣ ቀጥሎ በፈተና ወረቀት ጀርባ፣ ኋላም በቀን መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ ስላገኘሁት 381654729። ዘጠኝ አሃዝ! ከፊቱ ዜሮ ቢጨመርበት የሴት ስልክ ነው አልኩ። ደወልኩ። የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም አለኝ። በማግስቱም ደወልኩ፣ በሳምንቱም። ሆን ብለህ አንዱን አሃዝ ቀይረኸው ይሆናል ብዬ እየለዋወጥኩ ስንቱን ሰው በጠበጥኩ። እንዲህ እያልኩ ቁጥሩን በቃሌ ያዝኩት። ስጠይቅህ «ቁጥር ነው፣ ዝም ብሎ ቁጥር» አልከኝ፤ ወረቀቱን ፊትህ ቀደድኩት። አንድ ቅዳሜ ከእንጦጦ ራጉኤል አምሽተህ፣ ጫማህ ጭቃ ለብሶ ስትመለስ ታክሲ አጣሁ አልከኝ። እሱንም አላመንኩህም።

ቀብርህ ላይ እንኳ የሚያለቅሱትን ሴቶች አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ወር የትምህርት ቤት ባልደረባህ መምህር ዘነበ ሊጠይቀኝ መጣ። ሳልቀደው የቀረውን የፈተና ወረቀት ዘረጋሁለትና ዓይኑን አየሁ። አልደነገጠም። ከቀኝ በኩል በአውራ ጣቱ እየሸፈነ ያሳየኝ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች፣ 38፣ ለሁለት ይካፈላሉ፤ ሦስቱ፣ 381፣ ለሦስት፤ አራቱ ለአራት፤ እንዲህ እያለ ዘጠኙም ለዘጠኝ፣ አንዳችም ሳይተርፍ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን አሃዞች እያንዳንዳቸውን አንዴ ብቻ ይዞ እንዲህ የሚሆን ሌላ ቁጥር የለም አለኝ። ወንድ ለወንድ ይሸፋፈናል ብዬ ሲሄድ ራሴ በእጄ አካፈልኩት። ሰባት ላይ ስደርስ ያዝኩህ ብዬ ነበር፤ ምንም አልተረፈም።

ታዲያ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል? በማግስቱ ደውዬ አፋጠጥኩት። በመጨረሻ ነገረኝ። የመርሳት በሽታ እንደጀመረህ ሐኪም ነግሮህ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በቃልህ ጽፈህ ታካፍላለህ፤ አንድ አሃዝ ከሳትክ ማካፈሉ ራሱ ያሳብቅብሃል። ለሚስቴ እንዳትነግራት ብለኸው ነበር። ከእንጦጦ ስትወርድም የጠፋብህ መንገዱ ነበር። ደብተርህን ከፈትኩ። መጨረሻ ገጾቹ ላይ 3861 ብለህ ጀምረህ ሰርዘኸዋል፤ 386 ለሦስት አይካፈልም። እሱን እንኳ ደርሰህበት ነበር። በሽታው ሳይብስብህ ልብህ ቀድሞት ቆመ።

መስፍኔ፣ ያን ጠዋት ታስታውሰው ይሆን? እስክሪብቶ ይዘህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ከስድስቱ ቀጥሎ ስንት ነበር ብለህ ጠየቅከኝ። አውቀው ነበር። ያን ጊዜ ካንተ ይበልጥ አውቀው ነበር። «ራሷን ጠይቃት» ብዬህ በሩን በላይህ ላይ ዘጋሁት።

አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ እጽፈዋለሁ፣ እስከ ዘጠኝ አካፍዬም አያለሁ። እስካለሁ ድረስ አልረሳልህም። አምስት ነው፣ መስፍኔ። ከስድስቱ ቀጥሎ አምስት ነው።