ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ያሉት ዓሦች

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወንድሜን ጋቢ ዛሬ አጠብኩት። ከሌሎች ስደተኞች ጋር የተሳፈረባት ጀልባ የመን ሳትደርስ ከሰጠመች ሁለት ዓመት አለፈ። እናቴ «አስከሬኑን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ስትል ቆይታ እሺ ያለችው ገና ትናንት ነው። መቃብር ስለሌለው፣ ነገ ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተን እናለቅስበታለን።

ከሰዓት በኋላ ጥልፌን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከጋሸና ገበያ ጨው ተጠቅልሎበት በመጣ የመጽሐፍ ገጽ ላይ ያገኘኋቸውን የጥልቅ ባሕር ዓሦች ጥቁር ጨርቅ ላይ ስጠልፍ ከርሜያለሁ። ፀሐይ እዚያ ስለማትደርስ ከገዛ ገላቸው ያበራሉ ይላል ገጹ። ብርሃናቸውን በቢጫ ክር ሠራሁት።

እናቴ አንዱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ጥርሱ የእድራችንን ዳኛ አይመስልም?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ወዲያው ጣቷን ከዓሣው ወደ ጥቁሩ ጨርቅ አወረደች።

«እዚያ ታች ጨለማ ነው አይደል?»

«ጨለማ ነው፣ እማ። ግን ይኸው መብራት አላቸው።»

«ተመስገን። ምን ይበላሉ?»

ገጹ ይህንንም ይላል። ላይ የሞተ ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የሚበሉት እሱን ነው።

«ከላይ የሚወርድላቸውን» አልኳት።

«እንደ መና!» አለችና አማተበች። «ፈጣሪ ማንን ይረሳል! ነገ ይህንን ጨርቅ ከጋቢው ጎን አንጥፊልኝ። ልጄ ያለበትን ሰው ይየው።»

እሺ አልኳት። የመጨረሻው ዓሣ አፉ ገና አልተጠለፈም ነበር። የሌሎቹ ክፍት ነው፤ የእሱን ግን ዘግቼ ጠለፍኩት።